የአሥራ አንደኛ ክፍል ደብተሬን ይዤ ወደ ካዛንቺስ

ከአዲስ አበባ ከተመለስኩ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። እዚህ ሐይቅ፣ መምህራን ክፍላችን ውስጥ ሻይ በቀረበ ቁጥር «እስቲ ስለ ካዛንቺስ አውራን፤ በጣም ተለውጧል ይባላል» የሚለኝ አይጠፋም። እኔም ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር እልና ዝም እላለሁ። አፉ የማይዘጋው የታሪክ አስተማሪ ዝም ሲል ደግሞ ታሞ ነው ተብሎ ይወራል። ስለዚህ ከመነሻው እስከ መድረሻው ጽፌ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥላችኋለሁ። ሕንጻ ፈልጋችሁ የምታነቡ ከሆነ ካሁኑ ይቅርባችሁ፤ ፎቆቹን በደንብ አላየኋቸውም። ዓይኔ ሌላ ነገር ሲፈልግ ነበር።

ረቡዕ

ማክሰኞ ደሴ አድሬ ረቡዕ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መናኸሪያ ተገኘሁ። ባለቤቴ አስካለ ሁለት ኪሎ ማር በፕላስቲክ ዕቃ አሽጋ ሰጥታኛለች፤ «ባዶ እጅህን እንዳትገባባቸው» ብላ። ከማሩ ሥር፣ በፌስታል የተጠቀለለ፣ ጀርባው ላይ የማባዛት ሰንጠረዥ ያለበት አሮጌ ደብተር አለ። የአሥራ አንደኛ ክፍል የታሪክ ደብተሬ ነው።

ለእናንተ መነጽር ላሠራ ነው የምሄደው ብዬ ነበር። አልዋሸሁም፣ መነጽሩ ይኸው አፍንጫዬ ላይ አለ። ግን መነጽሩ ሰበብ ነበር። ሰበብና መንስኤ እንደሚለያዩ ያስተማሩኝ ጋሽ ዘለቀ የሚባሉ ሰው ናቸው፤ የሄድኩትም እሳቸውን ፍለጋ ነው።

እኔ ካዛንቺስ ተወልጄ ያደግኩ መሆኔን ብዙዎቻችሁ አታውቁም። ጋሽ ዘለቀ እዚያ ታሪክ ያስተምሩን ነበር። ክፍል ሲገቡ መጀመሪያ ሰሌዳውን በሁለት መስመር ሦስት ቦታ ይከፍሉታል። በግራ በኩል ሰፊው ቦታ ሩቅ መንስኤ ነው። መሃሉ ቅርብ መንስኤ። በቀኝ ጠርዝ ላይ አንድ ስንዝር የምታህል ቦታ ትቀራለች፤ እሷ ሰበብ ናት። የፈረንሳይ አብዮት ይሁን፣ የእንግሊዝ ፋብሪካ ይሁን፣ የዓለም ጦርነት ይሁን፣ ሁሉም በዚያ ሰሌዳ ውስጥ ያልፋል። «ሳራዬቮ ላይ የተተኮሰው ጥይት የት ይገባል?» ይሉናል። «ሰበብ» ስንል ያቺ ጠባብ ቦታ ላይ በትንሹ ይጽፉታል። «ሣሩ ደርቆ ከከረመ ክብሪቱን ማንም ይጫረው» ይሉ ነበር። ይህችን አባባል ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለተማሪዎቼ ሳስተምራት ኖሬአለሁ። እውነቱን ለመናገር ከተማሪዎቼ ይልቅ ለራሴ ነበር የምነግራት።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። አንድ ርዕስ ሲያልቅ የሁላችንንም ደብተር ሰብስበው ቤታቸው ይወስዱና በአረንጓዴ እስክሪብቶ እያረሙ ያመጣሉ። ከመጨረሻው መስመር ሥር «ታይቷል» ብለው ይፈርማሉ። ያ ቃል ከሌለ ርዕሱ አላለቀም። በእኔ ደብተር ውስጥ ስድስት «ታይቷል» አለ። ሰባተኛው የለም።

አውቶቡሱ ኮምቦልቻ ሲደርስ የፋብሪካዎቹ መብራት ገና አልጠፋም ነበር። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ጨርቅ ነጋዴ ናት፤ ሥራዬን ጠይቃኝ ስነግራት «እስቲ እሱን ያስረዱኝ፣ ፋብሪካ የሚባለው ነገር ለምን በእንግሊዝ ጀመረ?» አለችኝ። ደስ ብሎኝ ጀመርኩ። የድንጋይ ከሰሉ ከምድር ገጽ ብዙ ሳይርቅ ይገኝ ነበር፣ ወንዙና ባሕሩ ቅርብ ነው፣ ገበሬው ከእርሻው እየተገፋ ከተማ ገብቷል፣ ከሌላ አገር በባሪያ ጉልበት የተለቀመ ጥጥ በመርከብ ይመጣል እያልኩ እስከ ከሚሴ ተጓዝኩ። ሰምታኝ ስታበቃ «ታዲያ ሐይቅ ውሃ ሞልቶት ለምን ፋብሪካ የለውም?» አለች። እስከ ሸዋ ሮቢት የጨርቅ ዋጋ ስጠይቃት ተጓዝኩ።

ሸዋ ሮቢት በሙቀቱ በየዓይነቱ በላን። ከደብረ ሲና በላይ ጣርማ በርን ስንወጣ አውቶቡሱ እየተንገዳገደ ሲጠመዘዝ የማሩ ክዳን ተከፈተ። ያወቅኩት እግሬ ወለሉ ላይ ሲጣበቅ ነው። ሴትዮዋ ለንግድ ከያዘችው አዲስ አቡጀዲ ቀዳ ሻንጣዬን ጠረገችልኝ። ማሩ ግማሽ ቀርቷል። ፌስታሉ በአንድ በኩል ተቀዶ ስለነበር የደብተሩ ጠርዝ ማር ጠጥቷል። ልቤ እንዴት እንደደነገጠ አይታ «ምን ያህል ውድ ደብተር ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «የሰው ነው» አልኳት።

ወደ አሥር ሰዓት ገደማ አዲስ አበባ ገባን። የእህቴ ልጅ ሰላም ወሎ ሰፈር ነው የምትኖረው፤ ቢሮ ትሠራለች። ስሙን ሰምቼ አገሬ የገባሁ መስሎኝ ነበር፤ የወሎ ሰው የምለው ግን በዚያ ምሽት እኔን ብቻ ነበር ያገኘሁት። አንድ አልጋ ናት ያላት። አልጋዋን ለእኔ ለቃ ወለል ላይ አነጠፈች፤ እምቢ ብል «ጋሼ፣ በቃ፣ እማዬ ብትሰማ ትገድለኛለች» አለች።

ሐሙስ

ጠዋት ሰላም ወደ ሥራዋ ልትሄድ ስትል ስልኳን አወጣች። «ጋሼ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ምን ያደርጋሉ? በአፕ መኪና ልጥራልዎት። ማለቴ፣ ሎኬሽኑን ብቻ ይንገሩኝ።»

«ካዛንቺስ።»

«ካዛንቺስ የቱ ጋ?»

«ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ ሥጋ ቤቱን አልፎ፣ ባለ ሰማያዊ በሩ ግቢ።»

ሳቀች፤ ከዚያ ፊቴን አየችና ሳቋን ዋጠችው። በሚኒባስ ሄድኩ። ሐይቅ ላይ ባጃጅ ተሳፍረህ ሾፌሩን «እኔ ቤት» ብትለው ያደርስሃል። አዲስ አበባ ግን ወራጅ ለማለት ምልክት ያስፈልጋል፣ እኔ ደግሞ የማውቀው ምልክት እስኪመጣ ስጠብቅ ካዛንቺስን አልፌ ሄድኩ። ረዳቱ «ፋዘር፣ ካዛንቺስ እኮ አለፈ» ሲለኝ ገና ያልደረስን መስሎኝ ነበር።

ወደ ኋላ በእግሬ ተመለስኩ። መንገዱ ሰፊ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ለብስክሌት ሳይቀር መስመር ተሠርቶለታል፤ አምፖሉም ዛፉም በሰልፍ የቆመ ነው። ቆንጆ አይደለም አልልም። ከኡራኤል ቤተ ክርስቲያን ተነስቼ እርምጃዬን እየቆጠርኩ ቤታችን የነበረበትን ቦታ ለማግኘት ሞከርኩ። እኛ ግቢ ስድስት አባወራ ነበር፤ አንድ ቧንቧ፣ አንድ የልብስ ገመድ። ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው የሚያሰማው ጩኸት ስድስቱንም ቤት እኩል ዝም ያሰኝ ነበር። ማታ ከየመጠጥ ቤቱ ሙዚቃው ተደባልቆ ይመጣል፣ እናቴ መስኮቱን ትዘጋለች፣ አባቴ ይከፍተዋል። ሦስት ጊዜ ቆጥሬ ሦስት የተለያየ ቦታ ቆምኩ። እንባዬ መጣ። መነጽሩ ገና አልተሠራም ነበርና የሚያየኝ ሰው ይኑር አይኑር አልለየሁም፤ ለማንም አልታየም ብዬ እገምታለሁ።

በቆርቆሮ የታጠረ ግንባታ አጠገብ ዘበኛው ሲያየኝ ቆይቶ ተነሳ። «አባቴ፣ ጠፋብዎት እንዴ?» አለኝ። ዱካውን ለቆልኝ አስቀመጠኝ፤ ከሻይው ቀንሶ፣ ከዳቦው ቆርሶ ሰጠኝ። ሰውየው ካዛንቺስን የሚያውቀው ካለፈው ዓመት ጀምሮ ነው። ስሙ ከየት እንደመጣ ጠየቀኝ። ጣሊያን በወረራው ጊዜ ለሠራተኞቹ ቤት ሲሠራ፣ ያሠራው ድርጅት መጠሪያ በእኛ አፍ ተለዋውጦ ቀረ ይባላል ብዬ ነገርኩት። «ጦርነት ያመጣው ስም ነዋ» አለ። አዎ፣ ጦርነቱ ሄዶ ስሙ ቀረ፤ አሁን ደግሞ ቤቶቹ ሄደው ስሙ ቀርቷል። እዚያ ዱካ ላይ ቁጭ ብዬ ነው የመጣሁበትን ነገር ፊት ለፊት ያየሁት፤ ለእናንተም እዚሁ ልንገራችሁ።

በደርግ ጊዜ ነው። ጋሽ ዘለቀ የአንደኛውን የዓለም ጦርነት መንስኤ ሲያስተምሩን መጽሐፉ የሚለውን ጻፉ፤ ከበርቴዎች ገበያና ቅኝ ግዛት ለመቀራመት ያደረጉት ነው የሚለውን። ከዚያ ጠመኔውን አስቀመጡና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ገበያ ብቻ አይደለም ልጆች። የገዛ ሕዝቡን የሚፈራ መንግሥትም ጦርነት ይፈልጋል» አሉ። ይህ እንዲጻፍ የተነገረ አልነበረም። ከክፍሉ ውስጥ የጻፍኩት እኔ ብቻ ነኝ። መጻፍም ብቻ አይደለም፣ በማስመሪያ በቀይ አሰመርኩበት። ጎበዝ ተማሪ ነበርኩ።

በዚያው ሳምንት የትምህርት ቤቱ የውይይት ክበብ ኃላፊ የነበረው ካድሬ ምርጥ ደብተሮች ለኤግዚቢሽን ይቀርባሉ፣ ባለቤቶቹም በሰልፍ ላይ ስማቸው ይጠራል አለ። ደብተሬን ከመስጠቴ በፊት ያንን ገጽ ገልጬ አየሁት። መቅደድ እችል ነበር። ገጹ ተቀዶ ቢታይ ደብተሬ ምርጥ አይባልም ብዬ ሰጠሁ። ስሜ ሰኞ ተጠራ፣ ተጨበጨበልኝ። ሐሙስ ጋሽ ዘለቀ አልመጡም። ደብተሩ በወሩ ተመለሰልኝ፤ ያ ገጽ ተቀዶ ወጥቷል፣ ከሱ በኋላ ያለው ሁሉ ባዶ ነው።

ዓርብ

ዘበኛው የድሮዎቹ ጋራዦች ወደ ቡልጋሪያ ሰፈር መሄዳቸውን ነግሮኝ ስለነበር፣ ጠዋት መነጽሬን አሠርቼ መካኒክ የሆነውን የክፍል ጓደኛዬን ጌታሁንን ፍለጋ ወጣሁ። በሦስተኛው ጋራዥ ከአንድ አሮጌ ፊያት ሥር ሁለት እግር አየሁና አካሄዱን ሳላይ በእግሩ አቀማመጥ አወቅኩት። ስሙን ስጠራ ተንሸራቶ ወጣ።

«አንተ ሰውዬ፣ ሐይቅ ውስጥ ገብተህ ሰጥመሃል ብለን ተስካርህን ልናወጣ ነበር እኮ» አለ፤ በዘይት እጁ አንገቴን አቅፎ ሸሚዜን አበላሸው።

ጾም ነውና ሽሮ ከጎረቤት አስመጣ፤ በጎማ ላይ ሳህን አስቀምጠን በላን። የእኛ ሽሮ ይሻላል፤ ግን እንደሱ ጣፍጦኝ የበላሁት ምሳ በቅርቡ ትዝ አይለኝም። ጋሽ ዘለቀን እንደምፈልግ ስነግረው መብላቱን አቆመ። ጌታሁን ነገሩን ያውቃል፤ ያኔ አጠገቤ ነበር የሚቀመጠው።

«ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ከልጃቸው ጋር ናቸው» አለ። «ግን ምን ልትላቸው ነው? ያኔ እኮ ልጆች ነበርን፣ በቃ፣ ዘመኑ ነው። ይሄን ፊያት ታያለህ? ባለቤቱ ፍሬን እምቢ አለኝ ብሎ ከግንብ ጋር አጋጭቶ አመጣው። ፈትቼ ሳየው የፍሬኑ ሸራ ካለቀ ዓመት አልፎታል። መጋጨቱ አይቀርም ነበር። ያንተም እንደዚያ ነው፣ ተወው።»

ጌታሁን ከጋሽ ዘለቀ የተማረውን አልረሳም። በጣም አጽናናኝ፤ ሙሉውን ከሰዓት እግሬ ቀለለኝ። ማታ ወሎ ሰፈር ስደርስ ግን ባለቤቱ ሸራው ማለቁን እያወቀ ነድቶት ከሆነስ የሚል ነገር መጣብኝ። ሰላም ያቀረበችልኝን እራት ሳልጨርስ ተኛሁ።

ቅዳሜ

አራተኛ ፎቅ ነው። ሰንጋ ተራ ከእኛ በፊት በሬ የሚሸጥበት ቦታ ነበር ይሉ ነበር ትልልቆቹ፤ አሁን በሬ ቢመጣ ደረጃውን አይወጣውም። እኔም በየፎቁ እያረፍኩ ነው የወጣሁት። ድካም ብቻ አልነበረም።

የከፈተችልኝ ልጃቸው ትዕግስት ናት፤ አርባ ዓመት የሚጠጋት፣ የአባቷን ቅንድብ የያዘች ሴት። ማሩን ተቀብላ «የዚህ ግማሹ መንገድ ላይ ተበልቷል» ብላ ሳቀች። ጋሽ ዘለቀ መስኮቱ አጠገብ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል። ሰውነታቸው አንሷል፤ ድምፃቸው ግን ያው ነው። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ስስም «ንጉሤ ነህ» አሉ። ከተለያየን አርባ ዓመት ሆኖናል።

ስለ ሐይቅ ጠየቁኝ፤ አሳው አሁንም አለ ወይ፣ መንገዱስ ሰላም ነው ወይ። ታሪክ አስተማሪ መሆኔን ሲሰሙ ደስ አላቸው። ካዛንቺስ የነበረው ቤታቸው ሲፈርስ አሥራ አራት ካርቶን መጽሐፍ ለዘመድ ማከፋፈላቸውን ነገሩኝ። ትዕግስት ምሳ ልትሠራ ወደ ውስጥ ስትገባ ደብተሩን አውጥቼ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጥኩ። ቀስ ብለው ገለጡት። ጣታቸው ሲጣበቅ አሸተቱት። «ማር ማር ይላል» አሉ። የተቀደደው ቦታ ሲደርሱ ቆሙ።

«ጋሽ ዘለቀ፣ ያ ደብተር...»

«አውቃለሁ» አሉ። «መርማሪዎቹ ሲጠይቁኝ ገጹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተውት ነበር። ከክፍሉ ውስጥ በማስመሪያ የምታሰምር አንተ ብቻ ነበርክ።»

አርባ ዓመት ሙሉ ምናልባት አላወቁ ይሆናል እያልኩ ነበር የኖርኩት። ከዚያ ያዘጋጀሁት ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጣ፤ ዘመኑ ነበር፣ ያ ገጽ ባይገኝ ሌላ ይፈልጉ ነበር፣ እርስዎ ራስዎ ሣሩ ደርቆ ከከረመ ክብሪቱን ማንም ይጫረው ይሉን አልነበር አልኩ። ለሠላሳ ዓመት የተለማመድኩት ስለነበር ጥሩ አድርጌ ተናገርኩት።

እስክጨርስ ጠበቁኝ። «ስድስት ወር ታሰርኩ» አሉ። «ከዚያ በእግር ሁለት ቀን የሚያስኬድ ወረዳ ላኩኝ። ትዕግስት ስትወለድ አልነበርኩም። ስመለስ አራት ዓመቷ ነበር፤ በር ላይ አየችኝና እናቷን ጠርታ እንግዳ መጥቷል አለች።» ከወጥ ቤት የሽንኩርት መጥበሻ ድምፅ ይሰማል።

«እዚያ ወረዳም ታሪክ አስተማርኩ። ሰሌዳውን ሦስት ቦታ ስከፍል እጄ እምቢ አለኝ። እናንተን አሳስቼ ነው ያስተማርኳችሁ፣ ንጉሤ። ሣሩ መድረቁ እውነት ነው። ጦርነቱም፣ አብዮቱም፣ የእኔም መታሰር፣ ሩቁ መንስኤ ሁሉ እውነት ነው። ግን ክብሪቱን የያዘ እጅ ነበር። ያንን እጅ አንድ ስንዝር ቦታ ውስጥ ከተን የማንም አደረግነው።»

«ታዲያ እኔ...»

«ዘመኑ ነው ካልከኝ ማንን ይቅር ልበል? ዘመን አራተኛ ፎቅ ወጥቶ የቤቴን በር አያንኳኳም። የመጣኸው አንተ ነህ።» ዓይኔን አዩኝ። «ገጹ ውስጥ ያለውን እያወቅክ ነው የሰጠኸው?»

የመጣሁት ለዚህ ጥያቄ መሆኑን ያኔ ነው ያወቅኩት። «እያወቅኩ ነው» አልኩ። «ስሜ እንዲጠራልኝ ፈልጌ።»

«እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ። እኔ ይቅር ብያለሁ» አሉ። እንደ ልጅ አለቀስኩ። አላባበሉኝም፤ ጋቢያቸውን አስተካክለው ጠበቁኝ።

ስረጋጋ ከመስኮቱ ደፍ ላይ እስክሪብቶ አንስተው ሰጡኝና ከተቀደደው ቀጥሎ ያለውን ባዶ ገጽ ከፈቱ። «ርዕሱ አላለቀም» አሉ። «ሦስት ቦታ ክፈለው፤ እኩል እኩል አድርገህ።» በማስመሪያ ፈንታ በመድኃኒት ካርቶን ጠርዝ አሰመርኩ። በግራ የዘመኑን ፍርሃት ጻፍኩ። መሃል የኤግዚቢሽኑን ነገር ጻፍኩ። በቀኝ ስሜን ከነአባቴ ጻፍኩ። ወሰዱት፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው አስጠግተው አነበቡት። አንድ ፊደል አረሙልኝ። ከሥሩ «ታይቷል» ብለው ፈረሙ። እስክሪብቶው አረንጓዴ አልነበረም፤ ትዕግስት የገበያ ዝርዝር የምትጽፍበት ሰማያዊ ነው።

ምሳ በማር ተጀመረ። ከዚያ ምን እንደበላን አላስታውስም።

እሑድ

ሰላም እስከ መናኸሪያ ሸኘችኝ፤ ለአስካለ ነጠላ ላከችላት። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው እስከ ደሴ ተኛ፤ ስለ እንግሊዝ ፋብሪካ የጠየቀኝ የለም። ጣርማ በርን ስንወርድ ሻንጣዬን ጉልበቴ ላይ ይዤ ነበር።

ደብተሩ ይኸው ከዚህ ጽሑፍ አጠገብ፣ መምህራን ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሰባተኛውን «ታይቷል» ማየት የሚፈልግ ይግለጠው፤ ከላዩ የተጻፈው ስም የእኔ ነው። ጠርዙ ላይ ማር አለ፣ ስትጨርሱ እጃችሁን ታጠቡ።